መዶሻው ዝም ሲል

በቫሌ ተራራ፣ ከገደሉ ወገብ፣
አንድ የእንጨት ቦይ አለ፣ ሁለት መንደር የሚመግብ።
የላዩ መንደር በጀርመንኛ ይጸልያል፣
የታቹ በፈረንሳይኛ ይራገማል፤
ነሐሴ ገብቶ ግን፣ ሣሩ አርሮ አፈር ሲመስል፣
የሁለቱም ምላስ ያጥራል፣ «ውኃ» ከማለት አይዘል።

የውኃ አባቱ ቴዎዱል ነው።
ከበሩ መቃን ላይ የጥድ በትር ሰቅሏል፣
በጠርዙ የየቤቱ ምልክት ተቆርጦበታል፦
መስቀል ለነ ዜኖን፣ የዶሮ እግር ለነ ፊሎሜና፣
ለመበለቲቱ ሁለት ጭረት፣ አንዱ የሟች ባሏ ነውና።
ማን ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ፣ በማን ሌሊት፣ በማን ንጋት፣
ሁሉ እዚያ አለ።
በትሩ ፊደል አያውቅም፤
ስለዚህ ማንም አልተረጎመውም።

ቦዩ ላይ መዘውር አለ፣ መዘውሩ ላይ መዶሻ፤
ውኃ እስከፈሰሰ ድረስ ጣውላውን ይመታል፣
ኳ፣ ኳ፣ ቀን ከሌት።
ሕፃን በሱ ይተኛል፣ ሽማግሌ በሱ ይሞታል፣
ማንም ግን አይሰማውም።
የሚሰማው ዝም ሲል ነው።

በዚያ በጋ ከዋና ከተማ አንድ መሐንዲስ መጣ፣
ጫማው ንጹሕ፣ ካርታው ሰፊ፣
(ያ ሰው እኔ ነኝ፤ መደበቁ ምን ሊረባኝ?)
«አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቢሮ፤
ላይ ታች ማለት ምንድን ነው በዚህ ዘመን ኑሮ?»
ውሸት አልነበረም። ቦዩ ያፈሳል፣
ሲሶውን ድንጋይ ይጠጣዋል።

ዜኖን ተነሣ ከታቹ መንደር፣
«ቢሮም አንፈልግ፣ እነሱንም! ምንጩን ቆርጠን እንለያይ!»
ፊሎሜና ሹራቧን ሳታስቀምጥ፦
«በምን መጋዝ?» አለችው።
ወደ እኔም ዞረች፦
«ቢሮህ ሲያንቀላፋስ ማነው የሚቀሰቅሰው?»
ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

በሦስተኛው ሌሊት መዶሻው ዝም አለ።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።
ከላይ ፋኖስ ወረደ፣ ከታች ፋኖስ ወጣ፣
ናዳ ቦዩን ነክሶታል፤ አሥራ ሁለት ክንድ ሙሉ
ከቦዩ ቦታ አየር ብቻ።
ዜኖን በገመድ ወረደ። ገመዱን የያዘው
የፊሎሜና ልጅ ነው፣
አምና «ውኃዬን ሰረቀኝ» ብሎ ዳኛ ፊት ያቆመው።
«ሳብ!» አለ አንዱ፣ «ልቀቅ!» አለ ሌላው፣ ሁሉም በየቋንቋው፤
የገመዱ ክብደት ነበር አስተርጓሚው።

ሲነጋ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።
አላለቀሱም።
ዜኖን ጭቃውን ከጢሙ ሳይጠርግ
የቅዳሜዋን ሰዓት ነገር ደግሞ አነሣ፤
ያው ክርክር፣ ያው ጣት፣ ያው «አንተ ብሎ ሰው»።
ፍቅር አይደለም ያሰራቸው።
ከፍቅር ያነሰ፣ ከጠብ የሚበልጥ ነገር ነው፤
አንድ ጆሮ ነው፣ ሁለት አፍ ያለው።
እኛ ፌዴሬሽን እንለዋለን፣ በወፍራም መጽሐፍ፤
ቴዎዱል «በትሩ» ብሎ ያልፋል።

ውኃው ግን አይቆምም። ወደ ሮን ይወርዳል፣ ከሮን ወደ ሐይቁ፣
ሐይቁንም አንድ መስመር ለሁለት ይከፍለዋል፣
ዓሦች የማያውቁት።
ማዶ ሌላ ባንዲራ፣ ሌላ ቀረጥ።
እዚያም በትር አለ፣ የወረቀት፣ ባለ ማኅተም፤
እኔም አንዳንዱን አርቅቄያለሁ፣ በንጹሕ ጫማዬ።
ሌሊት ሌሊት ግን እጠይቃለሁ፦
በመንግሥታት መካከል መዶሻው የት ተሰቀለ?
ዝም ያለ ዕለትስ፣ ማን ነቅቶ ፋኖስ አንጠለጠለ?

ቧንቧው? ግማሹ ተሠራ።
ገደሉ ላይ ብረት ገባ፤ መዘውሩ እንዳይነካ
ፊሎሜና አስፈረመችኝ።
በትሩንም ከመቃኑ አውርዳ፣ ቢላዋን ስላ፣
ከመበለቲቱ ጭረት ሥር፣ ለካንቶኑ
አንዲት ቀጭን ምልክት ቆረጠች፦
«ያንተ እሑድ ሌሊት ነው፣ አንድ ሰዓት።
ካልመጣህ ያልፍሃል» አለች።